የሠርግ ጥሪ ካርድ ክብደት

አንድ የሠርግ ጥሪ ካርድ ከነፖስታው 20 ግራም ያህል ይመዝናል። ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። ወረቀት የሚለካው በአንድ ካሬ ሜትር ክብደቱ ነው፤ ማተሚያ ቤቶች «ባለ 300 ግራም» የሚሉት ካርድ አንድ ካሬ ሜትሩ 300 ግራም የሚመዝን ነው። ኤ5፣ ማለትም የተለመደው የኤ4 ወረቀት ግማሽ፣ የካሬ ሜትር 1/32 ስለሆነ ከዚህ የተቆረጠ አንድ ካርድ 9.4 ግራም ይመጣል። ፖስታው 8 ግራም ገደማ፣ ለመልስ ተብላ በውስጡ የምትገባዋ ትንሽ ወረቀት ደግሞ 2 ግራም ይጨምራሉ። 500 ካርድ የሚያሳትም ቤተሰብ እንግዲህ 10 ኪሎ ወረቀት አሳተመ ማለት ነው።

10 ኪሎ ወረቀት ለአንድ ሠርግ ብዙ የሚባል አይደለም። 600 እንግዳ ሁለት ሁለት የግማሽ ሊትር ውሃ ቢጠጣና እያንዳንዱ ባዶ ጠርሙስ 10 ግራም ቢመዝን፣ ከአዳራሹ የሚወጣው ፕላስቲክ ብቻ 12 ኪሎ ነው። ካርዱ ግን ከክብደቱ ጋር የማይመጣጠን ጣጣ አለው። ከሚያስፈልገው በላይ ይታተማል፤ ለማደል ብዙ ነዳጅ ይፈጃል፤ በላዩ የሚለጠፈው ጌጥ ደግሞ ወረቀቱን ወረቀትነቱን ያሳጣዋል። ለአካባቢ የሚስማማ ካርድ ሲባል ብዙ ሰው በቀጥታ ስለ ወረቀቱ ዓይነት ማሰብ ይጀምራል። የወረቀቱ ዓይነት ግን ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ብዛቱን የሚወስነው የስም ዝርዝሩ ነው። በኢትዮጵያ ካርድ የሚታደለው ለሰው ሳይሆን ለቤት ነው፤ ፖስታው ላይ «ለአቶ እገሌ ከነቤተሰብዎ» ተብሎ ይጻፋል። ባልና ሚስቱ፣ የደረሱት ልጆችና አብረው የሚኖሩት ዘመዶች በአንድ ካርድ ስለሚጠሩ፣ 600 እንግዳ የሚጠብቅ ደጋሽ 250 ወይም 300 ካርድ ይበቃዋል። ያም ሆኖ 500 ይታተማል። አንዱ ምክንያት ዝርዝሩ በብዙ እጅ መጻፉ ነው። አባት ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹና ለእድሩ፣ እናት ለማኅበሯና ለጎረቤቶቿ፣ ሙሽሮቹ ለትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው፣ ሚዜዎቹም ለራሳቸው ሰው የየራሳቸውን ዝርዝር ይይዛሉ፤ መጨረሻ ላይ አንዲት አክስት ከሦስት አቅጣጫ ሦስት ካርድ ይደርሳቸዋል። ሌላው ምክንያት የማተሚያ ቤት ሒሳብ ነው። በኦፍሴት ሲታተም ዋናው ወጪ ፕሌት ማውጣትና ማሽኑን ማዘጋጀት ስለሆነ 300 ታተመም 500 መነሻው ያው ነው። «ትንሽ ጨምረው 500 ይውሰዱ» የሚለው ምክር የሚመጣው ከዚህ ነው። የተረፈው 200 ካርድ ከሠርጉ በኋላ ቁም ሣጥን ላይ ይከርማል፤ ቀንና ስም የተጻፈበት ስለሆነ ለሌላ ሠርግ አይውልም።

መፍትሔው የሁለቱንም ወገን ስሞች በአንድ ደብተር ወይም በአንድ የስልክ ፋይል ማዋሐድና በሰፈር መደርደር ነው። በሰፈር ሲደረደር ሁለት ጊዜ የተጻፈው ሰው ወዲያው ይታያል፤ ማን ከማን አጠገብ እንደሚኖርም ይታወቃል። የሴቷና የወንዱ ቤተሰብ በየቤታቸው ድግስ በሚደግሱበት ልማድ ሁለት ዓይነት ካርድ መታተሙ ግድ ነበር። ዛሬ በከተማ ብዙው ሠርግ በአንድ አዳራሽ ስለሚደረግ፣ የሁለቱም ወገን ወላጆች በአንድ ካርድ ላይ ተዘርዝረው አብረው ቢጠሩ የሚጎድል ክብር የለም። ለመጠባበቂያ ከዝርዝሩ በላይ ከመቶ አምስት ያህል መጨመር በቂ ነው። የተረሳ ሰው ሁልጊዜም ይኖራል፤ በካርድ እጥረት ከሚመጣ ቅያሜ ደግሞ ጥቂት ትርፍ ካርድ ይሻላል።

የማደሉ ጉዳይ ከወረቀቱ ይከብዳል። በኢትዮጵያ ፖስታ የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን እንጂ በየቤቱ ስላልሆነ የሠርግ ካርድ በሰው እጅ ይዞራል። አዲስ አበባ ውስጥ ካርድ የሚያድል ወንድም ወይም ሚዜ አንድ ቀን ከሲኤምሲ ጀሞ፣ ሌላ ቀን ከኮተቤ አየር ጤና ሲመላለስ በሦስት ሳምንት 250 ኪሎ ሜትር ቢነዳ የሚያስገርም አይደለም። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚጠጣ ከሆነ 25 ሊትር ቤንዚን ይነዳል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ ድምሩ ወደ 57 ኪሎ ይደርሳል። አንድ ኪሎ ወረቀት ለማምረት የሚወጣው፣ እንደ ፋብሪካውና እንደ ኃይል ምንጩ ቢለያይም፣ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። 10 ኪሎ ካርድ ለማምረት 10 ኪሎ፣ ያንኑ ካርድ ለማዞር ከአምስት እጥፍ በላይ ይወጣል ማለት ነው። በኤሌክትሪክ መኪና የሚያድል ቤተሰብ ስሌቱ በጣም ይለወጥለታል፤ የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነውና።

ከዚህ የሚከተለው ሰው ሁሉ በስልክ ይጠራ የሚል አይደለም። ጠሪ አክባሪ ነው ይባላል፤ አክብሮቱ ያለው ግን በወረቀቱ ሳይሆን በመጥራቱ ነው። የታተመ ካርድ የከተማና የማተሚያ ቤት ልጅ ነው። ከዚያ በፊት፣ በገጠር ደግሞ እስከ ዛሬም፣ ጥሪ በቃል ይደርሳል፦ ከዘመድ ወጣቱ ተመርጦ ይላካል፣ በየደጁ ቆሞ «እገሌ ልጃቸውን ይድራሉ፣ እንዳይቀሩ ብለዋል» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ጥሪውን ለሁለት መክፈል ልማዱን አያፈርስም። የንስሐ አባት፣ ሽማግሌ ሆነው የሄዱት፣ የእድሩ ዳኛ፣ አያቶችና በዕድሜ የገፉ ዘመዶች ካርዱን በእጃቸው ይቀበላሉ፤ እነዚህ ከ80 እምብዛም አይበልጡም። ለቀሪው በቴሌግራም የሚላክ የካርድ ምስል ከስልክ ጥሪ ጋር ይበቃል። «ከስልክ ጥሪ ጋር» የሚለው ግን ሊታለፍ አይገባም። ምስሉን ለ200 ሰው ቡድን አንድ ጊዜ ወርውሮ ዝም ማለት የተጠራውን ሰው እንዳልተጠራ ያደርገዋል። የእያንዳንዱ ሰው ስም በምስሉ ላይ ተጽፎ ለብቻው ሲላክና ድምፅ ሲከተለው ጥሪው ጥሪ ይሆናል።

በእጅ የሚሰጠውም ቢሆን መንገዱ ሊያጥር ይችላል። የማኅበር ቀን፣ የእድር ስብሰባ፣ የዕቁብ መጣያ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚገናኘው ሰው፣ እነዚህ ሁሉ ሠላሳና አርባ ካርድ በአንድ ቦታ የሚያልቅባቸው አጋጣሚዎች ናቸው። ሠርግ በብዛት የሚደገሰው ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት ስለሆነ ለጥር ሠርግ የገና ሰሞን መጠያየቅ ራሱ ካርድ ማደያ ይሆናል።

ካርዱ ውስጥ የሚጻፈው ነገርም ወረቀት ይበላል ወይም ያተርፋል። ለሠርጉ አንድ፣ ለመልሱ አንድ፣ ለቅልቅሉ አንድ ወረቀት ከመክተት ሦስቱንም በአንድ ካርድ ውስጠኛ ገጽ በየመስመሩ ማስፈር ይቻላል፤ መልስ የማይጠራ እንግዳ ካለ የመልሱ ጥሪ በቃል ቢደርስ ይሻላል። የቦታው ምልክት፣ «ከእንትን ትምህርት ቤት ዝቅ ብሎ» የሚለው፣ በተለየ ወረቀት ላይ ካርታ ሆኖ ከሚሣል በአንዲት ኪውአር ኮድ ሊገባ ይችላል። ከሁሉ ይልቅ ወረቀት የሚያባክነው ግን ስሕተት ነው። ቀኑ የዋለበት ዕለት ይሳሳታል፣ የአያት ስም ፊደል ይጎድላል፣ ወይም «6 ሰዓት» ተብሎ ከውጭ የሚመጣው ዘመድ በፈረንጅ አቆጣጠር ያነበዋል፤ ጠቅላላው ህትመት እንደገና ይሠራል። ከማተሙ በፊት ናሙናውን ሦስት ሰው ያንብበው፤ አንዱ ሙሽሮቹን የማያውቅ ቢሆን ይመረጣል። የሚያውቅ ሰው የተጻፈውን ሳይሆን የሚያውቀውን ያነባል።

የካርዱ ገጽ የነገሩ ዋና ቦታ ነው። ዛሬ የሚታየው ብዙው ካርድ የሚያብረቀርቅ ወይም እንደ ቬልቬት የሚለሰልስ ገጽ አለው። ያ ገጽ ላሚኔሽን ነው፣ ማለትም በሙቀትና በማጣበቂያ የተለጠፈ ስስ የፕላስቲክ ንጣፍ። ካርዱ ላሚኔሽን ይኑረው አይኑረው ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ጥግ ተይዞ በቀስታ ይቀደዳል፤ ጠርዙ እንደ ጥጥ ከተበጠሰ ወረቀት ነው፤ ከወረቀቱ ኋላ እየተለጠጠ የሚወጣ ግልጽ ስስ ነገር ከታየ ፕላስቲክ ነው። ሌላው ፈተና ካርዱን በውሃ መዘፍዘፍ ነው። ያልተለበጠ ካርድ ሌሊቱን አድሮ በጣት ሲታሽ ይፈርሳል፤ የተለበጠው ግን ጠዋትም ቅርጹን ይዞ ይወጣል፣ ወረቀቱ ቢላቀቅ እንኳ ፕላስቲኩ አንድ ሙሉ ሉህ ሆኖ በእጅ ይቀራል። የወረቀት ፋብሪካ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ ያገለገለውን ወረቀት በትልቅ ገንዳ በውሃ ያሸዋል፣ ክሩን ይለያል፣ የማይፈርሰውን በወንፊት አጣርቶ ይጥላል። የተለበጠ ካርድ ከወንፊቱ በላይ ይቀራል።

ሕጉ እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ያሳያል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያነሰ የፕላስቲክ ከረጢትን ከልክሏል፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ጨርሶ አግዷል። የካርድ ላሚኔሽን ውፍረት በአብዛኛው ከዚያ 0.03 በታች ነው። ከረጢት ስላልሆነ ግን ማንም አይጠይቀውም። ወረቀት ላይ ተጣብቆ ስለሚገባ ፕላስቲክ መሆኑን የሚያስተውለውም ጥቂት ነው።

ጌጦቹ ሁሉ እኩል አይደሉም። ብልጭልጩ ግሊተር በጣም የከፋው ነው፦ በአሉሚኒየም የተቀባ ፖሊስተር ተከታትፎ የተሠራ ሲሆን እጅ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ፣ በመጨረሻም ውሃ ውስጥ ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት ልቅ የፕላስቲክ ግሊተር መሸጥን ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የገደበው በዚሁ ምክንያት ነው። ወርቅማ ፎይል ከግሊተር ይሻላል፤ በካርዱ ላይ የሚቀረው ብረት እጅግ ስስ ነው፤ የፎይሉ ተሸካሚ ፕላስቲክ ግን ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ጥቅልል ቆሻሻ ሆኖ ይቀራል። ምንም የማይጨምረው ኢምቦስ ነው። የሙሽሮቹ ስም በመጫን ብቻ ከወረቀቱ ላይ ብቅ ይላል፤ ቀለምም ሙጫም አይፈልግም፣ ለዓይን ደግሞ ከሁሉም የረጋ ነው። ለማሰሪያ የፖሊስተር ሪባን ከመግዛት የጥጥ ክር ይበቃል። የሙሽራዋን ቀሚስ የሠራው ሸማኔ ወይም ሰፊ ዘንድ የነጠላ ቁርጥራጭ ስለማይጠፋ ከዚያ የወጣች ቀጭን ሰቅ ካርዱንና ልብሱን ታዛምዳለች። ይህ ሲደረግ ነጩን የጥጥ ክፍል መምረጥ ነው፤ የሚያብረቀርቀው የጥለት ክር አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ መምጣት ይቻላል። ወረቀት በአውሮፓ እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ ከአሮጌ ጨርቅ ይሠራ ነበር፤ ከእንጨት መሥራቱ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1844 እንጨት ፈጭቶ ክር የማውጣት ዘዴ ከተፈለሰፈ በኋላ ነው። የዛሬው ዓለም ብዙ ወረቀት ከባሕር ዛፍ ይወጣል፤ ብራዚል በዚህ ትታወቃለች። ባሕር ዛፍ በተራራው ሁሉ የሞላባት ኢትዮጵያ ግን የካርዱን ወረቀት ከውጭ ታስገባለች። በአገር ውስጥ የሚሠራው ጥቂት ሲሆን የወንጂው ፋብሪካ ያገለገለ ወረቀትም መልሶ ይጠቀማል።

ከውጭ በሚገባው ወረቀት ላይ መታየት ያለበት ምልክት የኤፍ.ኤስ.ሲ. ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ይህ ድርጅት እንጨቱ በአግባቡ ከተያዘ ደን መምጣቱን ያረጋግጣል፤ ምልክቱ ሙሉ በሙሉ ከተመሰከረለት ደን፣ ከተደባለቀ ምንጭ ወይም ከታደሰ ወረቀት መሆኑን ለይቶ ይናገራል። ምልክት ከሌለ የወረቀቱ መልክ ምንም አይነግርም። ቡናማ፣ ሻካራ፣ «ተፈጥሯዊ» የሚመስል ካርድ በፋሽን መጥቷል፤ ነገር ግን ቡናማነቱ ያልነጣ ክር መሆኑን እንጂ የታደሰ መሆኑን አያሳይም። ከአዲስ እንጨት የተሠራ ቡናማ ካርድ በገበያው ሞልቷል። በአንጻሩ የታደሰ ወረቀት ነጭ ሊሆን ይችላል። የወረቀት ክር ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ያህል ከታደሰ በኋላ ስለሚያጥር ዘወትር አዲስ ክር ይቀላቀልበታል፤ ስለዚህ «100 በመቶ የታደሰ» የሚለው ቃል የማይቀር መስፈርት ተደርጎ መያዝ የለበትም።

ግራሙን መቀነስ ከሁሉም ይቀልላል። ባለ 300 ግራም ካርድ በባለ 200 ሲተካ የካርዱ ክብደት በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል፤ ሁለት ታጥፎ ሲቆም ማንም አይለየውም። ፖስታን ጨርሶ መተውም ይቻላል፦ ካርዱ ራሱ ሦስት ታጥፎ በክር ሲታሰር ስም የሚጻፍበት ጀርባ ይሆናል።

በእጅ የሚሠራ ወረቀት የሚፈልግ ሙሽራ ከአገር ውስጥ ጥሬ ዕቃ አያጣም። ከእንሰት የሚወጣው ቃጫ ረጅምና ጠንካራ ክር ነው፤ የእንሰት ዘመድ የሆነው የፊሊፒንስ አባካ ለሻይ ከረጢትና ለገንዘብ ወረቀት የሚፈለገውም በዚሁ ባሕርይ ነው። ጣና ሐይቅን ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ያስጨነቀው እምቦጭም በሌሎች አገሮች የእጅ ወረቀት ይሠራበታል፤ ክሩ ደካማ ስለሆነ ግን ከሌላ ጋር ይቀላቀላል። እንዲህ ያለው ወረቀት በ30 ወይም በ40 ካርድ ልክ ያምራል፤ ለ300 ግን ጉልበቱም ውሃውም አይመጣጠንም።

ዘር የተቀበረበት ወረቀት በውጭ አገር ፋሽን ሆኗል። እንግዳው ካርዱን ቆርጦ ይተክለዋል፣ አበባ ይበቅላል። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ በኢትዮጵያ ግን ሁለት ነገር ያሰናክለዋል። የመጀመሪያው ዘሩ ነው። ከውጭ በሚመጣ ካርድ ውስጥ ምን ዘር እንዳለ ሳይታወቅ መዝራት፣ ለጌጥ መጥቶ ግጦሹን ሁሉ የወረረውን የወፍ ቆሎ ማስታወስ ለሚችል ሰው አያስኬድም። ሁለተኛው ወቅቱ ነው፤ በታኅሣሥ ተሰጥቶ በጥር የሚያበቃ ካርድ በበጋው መሬት ላይ ቢጣል ውሃ ካልተደረገለት አይበቅልም። ይህን ለማድረግ የሚፈልግ የበሶብላ ወይም የጎመን ዘር ይጠቀምና በካርዱ ላይ «ሰኔ ሲገባ ይትከሉት» ብሎ ይጻፍበት። ደረቅ ወረቀት ዘሩን እስከዚያ ያቆየዋል። የበሶብላ ዘር ደቃቅ ስለሆነ ወረቀቱን አያሳብጥም፤ ወረቀቱ ግን በሙቀት ሳይጫን በፀሐይ መድረቅ አለበት፣ ያለዚያ ዘሩ ይሞታል።

ማተሚያ ቤት ሲገባ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ከሁሉም ይጠቅማል፦ «ከአንድ ሙሉ ወረቀት ስንት ካርድ ይወጣል?» የተለመደው ሙሉ ወረቀት 70 በ100 ሴንቲ ሜትር ነው። 18 በ18 የሆነ አራት ማዕዘን ካርድ ከዚህ 15 ይወጣል፤ ከወረቀቱ አንድ ሦስተኛው ገደማ ቁርጥራጭ ሆኖ ከማሽኑ ሥር ይቀራል። 13.5 በ19 የሆነ ካርድ ግን 25 ይወጣል፤ ለመቁረጫና ለማሽኑ መያዣ የሚሆን ጠርዝም ይተርፋል። ለ300 ካርድ የመጀመሪያው 20 ሙሉ ወረቀት፣ ሁለተኛው 12 ይፈልጋል። ኦፍሴት ቀለሙ እስኪስተካከል ድረስ የሚጥላቸው ወረቀቶችም አሉ፤ ስለዚህ ለ80 ወይም ለ100 ካርድ ፕሌት የማያስፈልገው ዲጂታል ህትመት ይመረጣል። ቀለሙ ከማዕድን ዘይት ይልቅ ከአኩሪ አተር ወይም ከተልባ ዘይት የተዘጋጀ ቢሆን መልካም ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ከሌለው ግን በዚህ ምክንያት ሌላ ሰፈር ድረስ በመኪና መሄድ አያዋጣም።

በአሜሪካ የሚደግሱ ኢትዮጵያውያን ሌላ ዓይነት ልማድ ያገኛሉ። እዚያ ካርዱ በፖስታ ስለሚሄድ ከወራት በፊት «ቀኑን ያዙልን» የሚል ካርድ፣ ከዚያ ዋናው ጥሪ፣ መልስ የሚጻፍበት ካርድ፣ የመልሱ ፖስታና ቴምብር ይከተላሉ፤ ለአንድ ቤት አምስት ነገር። መልሱ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ሲሰበሰብ ሦስቱ ይቀራሉ። አራት ማዕዘንና የማይታጠፍ ፖስታ በማሽን ስለማያልፍ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ተጨማሪ ያስከፍልበታል።

ከሠርጉ በኋላ ካርዱ ሁለት ዕጣ አለው። አንድ ሁለቱ ከፎቶ አልበሙ ጋር ይቀመጣሉ። ሌላው ከቤት ይወጣል፤ አዲስ አበባ ውስጥ መድረሻው የቆሼ ቆሻሻ መጣያ ወይም አጠገቡ በ2010 ዓ.ም. የተመረቀው ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ሊሆን ይችላል። ያልተለበጠ ወረቀት ግን በመንገዱ ላይ ገዢ አለው፦ ያገለገለ ወረቀት የሚሰበስቡ ይወስዱታል፣ አሮጌ ደብተር እየጠቀለለ ቆሎና ኦቾሎኒ የሚሸጠውም ስሱን ይፈልገዋል። የተረፉት ካርዶች ደግሞ ጀርባቸው ባዶ ከሆነ በመቁረጫ አራት አራት ቦታ ተከፍለው ለሙሽሮቹ የምስጋና ካርድ፣ ለልጆች የፊደል መለማመጃ ወይም በየስጦታው ላይ ስም የሚጻፍባቸው ትንንሽ ወረቀቶች ይሆናሉ። ለዚህ ሲባል ዲዛይነሩ ከመጀመሪያው ጀርባውን ባዶ እንዲተወው ይነገረዋል፤ የመልሱና የቅልቅሉ ጥሪም በውስጠኛው ገጽ ይሰፍራል።